ሁለት ጊዜ የተነፋው ጥሩንባ

«ወይኔ ጋሽ በዛብህ! ወይኔ የሰፈሩ አባት!» እያለች አስካለማርያም የጋሽ በዛብህን የቆርቆሮ በር በሁለት እጇ ስትደበድብ፣ በሩን የከፈቱላት ራሳቸው ጋሽ በዛብህ ነበሩ። የፒጃማ ሱሪያቸው ላይ ካፖርት ደርበው፣ መፋቂያቸውን በጉንጫቸው እንደያዙ ብቅ አሉ። አስካለ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እንባዋ አገጯ ደርሶ ነበርና ወዲያው ማቆም አቃታት፤ ፊታቸው ቆማ ትንሽ አለቀሰችላቸው። «ማን ሞተ?» አሏት። «እርስዎ ነዎታ!» አለቻቸው። ጋሽ በዛብህ ኩላሊታቸውን ከታመሙ ሦስት ወር ሆኗቸዋል። ጥሩንባ በተነፋ ቁጥር ሰፈሩ መጀመሪያ ወደ እርሳቸው በር እንደሚያይ አያጡትም፤ እንዲህ ፊት ለፊት መጥቶ የነገራቸው ሰው ግን እስከዚያ ቀን አልነበረም።

ቅዳሜ ነበር፤ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል። በእኛ እድር ጥሩንባ የሚነፋው ሰው ሲሞት ብቻ ስለሆነ ሁላችንም ወጥተናል። እኔ በጥድፊያ ጥቁር ቀሚሴን ገልብጬ ለብሼው ኖሯል፤ የነገረኝም የለም። ረሻድ እንደ ልማዱ መታጠፊያው ላይ ካለው የመብራት እንጨት ሥር ቆሟል። ጥሩንባውን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ፣ እኛ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ስንሰበሰብ እያየ ፊቱ ይለዋወጣል። «ማንም አልሞተም» አለ በመጨረሻ። «ወላሂ ማንም አልሞተም። ቀበሌ ነው። ለብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሦስት ሰዓት ላይ አዳራሽ እንድትገኙ ተብሏል።» አዳራሹ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቅነው። «ሽልማት» አለ። ማን እንደሚሸለም ጠየቅነው። ረሻድ ጫማውን አየና «እኔ» አለ።

ለረሻድ ልከራከርለት ካልኩ፣ ትእዛዙ የመጣው ክብ ማኅተም ባለው ደብዳቤ ነው፤ በየዓመቱ ንግድ ፈቃድ የሚያሳድስ ሰው ደግሞ ክብ ማኅተም ሲያይ እምቢ ማለት ይከብደዋል። ደብዳቤውን ያመጣው ወንድዬ የሚባለው የቀበሌው የሕዝብ ግንኙነት ነው። «ኅብረተሰቡን በአካባቢው ባህል መሠረት እንዲቀሰቅሱ» ይላል። የአካባቢው ባህል የቱ እንደሆነ ወንድዬ አልጠየቀም፤ ጥሩንባውን ሲያይ ጥሩ መስሎታል። ጋሽ በዛብህ ግን የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ባቡር ላይ ሠርተዋል። መፋቂያውን ከአፋቸው አውጥተው «እኔ የሠራሁበት ቤት ፊሽካ ያለ ቦታው ከተነፋ ሰው ይሞታል» አሉ። «ዛሬ አሥር ሰዓት ኮሚቴ ይቀመጣል። ጥሩንባውን ይዘህ ና።» ይዘህ ና ማለታቸው አስረክብ ማለት እንደሆነ ያልገባው ሰው አልነበረም። ረሻድ «እሺ ጋሼ» ብሎ ሄደ።

ረሻድን የማታውቁ ካላችሁ፣ የስልጤ ሰው ነው፤ ከእኔ ቤት ጋር አንድ የጭቃ ግድግዳ የሚጋራውን ሱቅ ከሚስቱ ከሐጀራ ጋር ይዟል። እድራችን ውስጥ ክርስቲያኑም እስላሙም አለበት፤ ለፋፊያችን ግን እሱ ከሆነ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖታል። የራሱ ሥርዓት አለው። ከሟች ቤት ሰው መጥቶ ካላስነገረው በቀር ጥሩንባውን ከምስማሩ አያወርድም። የሟች ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ቀብር የት፣ ስንት ሰዓት፤ ሁሉንም በትንሽ ደብተር ይጽፍና ከታች «ያስነገረ ዘመድ» በምትለው መስመር ላይ አስፈርሞ ቅጠሏን ቀዶ ይወጣል። አንድ ጊዜ ሚስቱ የሞተችበትን ሰውዬ ከእነእንባው «እዚህ ጋ ይፈርሙ» ብሎታል። የትኛው ቤተ ክርስቲያን በየትኛው በር እንደሚገባ፣ የትኛው ደብር ለፍትሐት ቆይታ እንደሚያበዛ እኛን የሚነግረን እሱ ነው። ሲለፍፍ «ቅዱስ»ን ሳይጠራ መልአክ ጠርቶ አያውቅም። ከእስላሞቹ ወገን ሰው የሞተ ቀን ደግሞ መጨረሻው ላይ ለእኛ ብሎ ይጨምራል፦ «ሰባት ሰዓት ማለት ሰባት ሰዓት ነው፤ ስምንት ሰዓት የመጣ አፈር ነው የሚያገኘው!» እንስቃለን፤ ግን በሰዓቱ እንደርሳለን።

እንግዲህ ዳቦ ልገዛ ብዬ ሱቁ ገባሁ። ዳቦው በአንድ ሌሊት ከአንድ ብር ወደ አንድ ብር ከሃያ ወጥቷል፤ መጠኑ ግን ቀንሷል። ሱቁና መኖሪያው የሚለዩት በመጋረጃ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ አንድ አልጋ፣ ጣሪያ የነካ የሳሙና ካርቶን፣ ምስማር ላይ ደግሞ ባዶውን የተንጠለጠለ የጥሩንባ ማንገቻ ይታያል። ሐጀራ የረሻድን ግራጫ ኮት እየተኮሰች ነው። ይህ ኮት ለቀብር ብቻ የሚለበስ ስለሆነ ሰፈሩ ገና ከሩቅ ሲያየው ያዝናል። መብራቱ ይሄዳል፣ ይመጣል፤ እሷ ካውያውን እንደያዘች ትጠብቃለች። ረሻድ ደፉ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይወለውላል። በመካከላቸው አንድም ቃል የለም። ሐጀራ ስትቆጣ አትጮህም፤ ዕቃ ታስተካክላለች። ያን ጠዋት የከረሜላው ጠርሙስ ሦስት ቦታ ሲቀያየር አይቻለሁ። ድንገት ረሻድ ቀና ብሎ «እማማ ዙፋን ለጥሩንባው አልወጡም አይደል?» አለ። ሐጀራ ኮቱን ገለበጠችው። «ለሽልማት መሆኑን አውቀው ይሆናል» አለች።

እማማ ዙፋን ከሱቁ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲጠርጉ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ ልጅ የላቸውም፣ ወንድም እህትም ቀብረው ጨርሰዋል። ጥሩንባ ሲነፋ ከማንም ቀድመው በዘንጋቸው ተደግፈው የሚወጡት እሳቸው ነበሩ፤ ያልቀበሩት ሰው የለም። ነጋ ጠባ አንድ ሰዓት ላይ አንድ ዳቦ ሊገዙ ሱቁ ይመጡና ያንኑ አደራ ያድሳሉ። እኔም ግድግዳው ስስ ስለሆነ በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «አንተ ልጅ፣ የኔን ስትነፋ ረዘም አድርገው። አራት ሰው ተሸክሞኝ የሚለውጣቸው አምስተኛ እንዳይጠፋ ነው የምፈራው።» ረሻድም ሁልጊዜ «እርስዎ እኔን ቀብረው ነው የሚሞቱት» ይላቸዋል። በዚህ ተሳስቀው ዳቦዋን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይሄዳሉ።

አዳራሹ ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር ሞልቶ ሰው ጎድሏል፤ ገሚሱ ሰው በጥሩንባው ተቀይሞ ቀርቷል። እኔ የሄድኩት፣ እውነቱን ለመናገር፣ የጾም ብስኩትና ለስላሳ አለ ስለተባለ ነው። ወንድዬ ከባህል ቡድኑ ተውሶ ያመጣውን ጥልፍ ያለው ቀሚስና ቆብ በፌስታል ይዞ ረሻድን በር ላይ ጠበቀው። ቀሚሱ ለረሻድ ከጉልበቱ አይወርድም። «ጋሼ፣ ቆቧን እንኳን ቢያደርጓት» አለው። «ለምን?» «እንዲታወቅ ነዋ፤ ማለቴ፣ ሙስሊም መሆንዎ።» ረሻድ ቆቧን ኪሱ ከተታትና «ሰፈሩ ያውቃል» አለው። ጥሩንባውንም ወንድዬ ተቀብሎ ሪባን አሰረለትና መድረኩ ላይ፣ ከአበባው አጠገብ አጋደመው። ሬሳ ይመስል ነበር ብል ወንድዬ ይከፋዋል።

ንግግሩ ረጅም ነው። ወንድዬ ከወረቀት እያነበበ የሙስሊሙ ማኅበረሰብ በንግዱ፣ በሥራ ፈጠራው፣ በመቻቻሉ ለብዝኃነታችን ያበረከተውን አስተዋጽኦ ዘረዘረ፤ ውሸት አልነበረበትም። ነገር ግን የተናገረው ሁሉ ስለ ሌላ ሰው ይመስል ነበር። እማማ ዙፋን ባለፈው ክረምት ታመው በተኙ ጊዜ ሐጀራ ሾርባቸውን ከጾም እያስማማች አርባ ቀን መመላለሷ አልተነሳም፤ ረሻድ በዝናብ ጭቃ ሲለፍፍ ጫማው ቀርቶበት በአንድ እግሩ መጨረሱም አልተነሳም፤ ይህ በሥራ ፈጠራ ውስጥ አይገባም መሰለኝ። ከዚያ ረሻድ ተጠርቶ መስታወት ያለው የምስክር ወረቀት ተሰጠው። «ስለ መቻቻል» ይላል፤ ማን ማንን እንደቻለ አልተጻፈም። አጨበጨብን። ፎቶ አንሺው «ወደ ጥሩንባው ጠጋ ይበሉ» እያለው ሳለ ነው ሐጀራ በር ላይ የቆመችው። እንደማትመጣ ምላ ነበር። ሻሿ ተንሸራቷል፤ በእጇ አንድ ዳቦ ይዛለች። እስከ አራት ሰዓት ሳይወሰድ ሲቀርባት ወደ እማማ ዙፋን ክፍል ይዛው ሄዳ በራቸውን ገፍታ፣ ከዚያ ማስቀመጡን ረስታው ነው። ከበሩ ወደ መድረኩ «እማማ ዙፋን» አለች። ረሻድ ፎቶ አንሺውን አልፎ ጥሩንባውን ከነሪባኑ አነሳና ወጣ።

ሌሊቱን ነው ያረፉት። የሚጠበቅ ዘመድ ስለሌለ ቄሶቹ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከሐዲዱ ማዶ ባለው ሚካኤል፣ ብለው ወሰኑ። ረሻድ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ፤ የመብራት እንጨቱ ሥር ቆመና አደራ እንደተባለው ረዘም አድርጎ ነፋ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ረጅም ጥሩንባ ሰምቼ አላውቅም። ሲጨርስ ጠበቅን። አንድም በር አልተከፈተም። ከወዲያኛው መስመር አንድ መስኮት ተከፈተና «ደግሞ ማንን ሸለሙት?» የሚል ድምፅ መጣ፤ ከኋላው ሳቅ ተከተለ። ረሻድ እንደገና ነፋ። «በቃህ እንጂ ረሻድ! ሰምተናል፣ እንኳን ደስ ያለህ!» አሉ ከሌላ ግቢ። የእማማ ዙፋንን ስም ለፈፈ፤ ግን ሰው ቤቱ ገብቶ ጋዝ ምድጃ ለኩሶ ሬድዮ ከፍቶ ነበርና ስሙን የሰማ አልነበረም። ሪባኑ ጥሩንባው ላይ ይወዛወዛል። ብብቱ ሥር ደግሞ ያ የምስክር ወረቀት አለ፤ የሚያስቀምጥበት ጊዜ አላገኘም። አስካለ ብቻ ከግቢዋ ብቅ ብላ አየችውና «እኔ ዛሬ የማለቅሰውን አልቅሻለሁ» ብላ ተመለሰች።

«አንድ በአንድ ነው» አለ ረሻድ፣ ለማንም ሳይሆን። መቶ ስድሳ አባወራ ነን፤ ለቀብሩ የቀረው አራት ሰዓት ተኩል ነው። የመጀመሪያው በር የጋሽ በዛብህ መሆን ነበረበት፤ የድንኳኑና የቃሬዛው ቁልፍ ያለው እሳቸው ዘንድ ነው። ጋሽ በዛብህ ሳሎናቸው ውስጥ፣ ከባቡሩ ዘመን በመጣ ጠረጴዛ ላይ መተዳደሪያ ደንቡን ዘርግተው፣ መነጽራቸውን አድርገው አንቀጽ ያሰምሩ ነበር። የማንን አንቀጽ እንደሚያሰምሩ ለማወቅ ብዙ መማር አያስፈልግም። መስታወቱን ከረሻድ ብብት ሥር አይተው «ልታሳየኝ ነው?» አሉት። ረሻድ ያኔ ገና ነቃና ወረቀቱን ተከትዬው ለገባሁት ለእኔ አቀበለ። «እማማ ዙፋን አርፈዋል ጋሼ። ቁልፉን ይስጡኝ።» ጋሽ በዛብህ እጃቸውን ዘረጉ። «ቅጠሏስ?» ሰጣቸው። እኔም በትከሻቸው በኩል አነበብኩ፦ ዙፋን፣ የቤት ቁጥር፣ ሚካኤል፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሁሉም በቦታው ነው። «ያስነገረ ዘመድ» በምትለው መስመር ላይ «ረሻድ» ተብሎ ተፈርሟል። ጋሽ በዛብህ ሁለት ጊዜ አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉትና መልሰው አደረጉት። «በደንቡ ዘመድ ነው የሚፈርመው» አሉ። «ፈርሜያለሁ» አለ ረሻድ። ከዚያ ጋሽ በዛብህ ተነሥተው ቁልፉን ከመሳቢያ አወጡ። «ስብሰባው ከቀብር መልስ ይሆናል» ብለው ካፖርታቸውን ፈለጉ።

ሐጀራ የግራውን መስመር ያዘች፣ እኔ የሐዲዱን ዳር። ያ መስታወት እጄ ላይ ስለቀረ ሦስት ቤት ሰዎች «ለአንቺም ሰጡሽ?» ብለው ሊስሙኝ መጡ፤ በመጨረሻ አንድ ጉልት ውስጥ ሽንኩርት ሻጯ ዘንድ በአደራ አስቀመጥኩት። ሐጀራን ሳልፍ አየኋት። በየበሩ አታንኳኳም፤ ዳቦውን ይዛ ትገባና «እማማ ዙፋን ዛሬ ዳቦአቸውን አልወሰዱም» ትላለች፤ ሰው ወዲያው ይገባዋል፣ ነጠላውን ያነሳል። ረሻድ ቀኙን መስመር ጨርሶ ገላን ኮንዶሚኒየም ዕጣ ደርሷቸው ወደ ሄዱት እድርተኞቻችን በሚኒባስ ሄደ። አራተኛ ፎቅ ድረስ እየወጣ አንኳኳ። የዙህር ሶላት ሲደርስበት አንደኛው እድርተኛችን ቤት ሳሎኑን ለቀቁለት፤ ቴሌቪዥኑን ዘግተው፣ ልጆቹን ወጥ ቤት ከተው፣ ሰግዶ እስኪጨርስ ጫማቸውን እያደረጉ ጠበቁት። ይህን የነገረችኝ የቤቱ እመቤት ናት፤ ረሻድ ራሱ እንዲህ ያለውን አይናገርም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከሐዲዱ እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ተዘጋ። የሚኒባስ ሾፌሮች ክላክሳቸውን መትተው ሰለቹና ሞተር አጠፉ። ቃሬዛውን ለመሸከም ወንዶቹ እየተጋፉ ተራ ይቀማሙ ነበር፤ አምስተኛው ይቅርና አምሳኛው ተራ አልደረሰውም። እኔ ሰዉን አልቆጠርኩትም። አስካለ አራት መቶ አልፏል ትላለች፤ የአስካለን ወሬ ግን በጥንቃቄ መያዝ ነው፤ ጠዋት የገደለቻቸው ሰውዬ ፊት ፊቷ እየሄዱ ነበር። ረሻድና ሌሎቹ እስላሞቻችን እስከ ሚካኤል በር ድረስ ተሸክመው እንደ ልማዳቸው እዚያ አስረከቡ። ረሻድ ከበሩ ፊት ለፊት ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ያ ድንጋይ በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ በእሱ መቀመጫ ልክ ተፈልፍሏል ብንል ብዙ አንሳሳትም። ሐጀራ አጠገቡ ቆማ ጥሩንባውን ከጉልበቱ ላይ አነሳችና ሪባኑን በጥርሷ ፈታችው። አሁንም አልተነጋገሩም። ጠዋት ከነበረው ዝምታ ግን ሌላ ነው፤ እኔ ከእነሱ ጋር ግድግዳ ስለምካፈል እለየዋለሁ።

ፍትሐቱና ቀብሩ አልቆ ሰው ሲወጣ ቀድመው የመጡት ጋሽ በዛብህ ናቸው። ረሻድ ጥሩንባውን ሊያስረክባቸው ተነሣ፤ በሁለት እጁ ዘረጋው። እሳቸው ጥሩንባውን አልነኩም። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ለሟች ቤተሰብ እንደሚደረገው ትከሻውን ያዝ አድርገው «እግዚአብሔር ያጽናህ» አሉት። ረሻድ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ለሌሎች ሲባል ቆሞ ሰምቷል እንጂ ለራሱ ተብሎለት አያውቅም። ከኋላቸው የወጣው ሰው ሁሉ ጋሽ በዛብህን አይቶ ያንኑ እያደረገ፣ «እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ያጽናሽ» እያለ ረሻድንና ሐጀራን ጨብጦ አለፈ። ሰልፍ ቢጤ ነገር ሆነ። ረሻድ ጥሩንባውን በግራ ብብቱ ይዞ በቀኙ ሲጨብጥ፣ «አሜን፣ አሜን» ይል ነበር።

ሰልፉ ሳሳ ሲል ወንድዬ መጣ። ላብ አጥምቆታል፤ ስልኩን ገና ከጆሮው አላነሳውም። ማን እንደተቀበረ የጠየቀ አይመስለኝም። «ጋሼ ረሻድ! እንኳን አገኘሁዎት» አለው። «የጠዋቱ በጣም ተወዷል። ነገ ደግሞ በክፍለ ከተማ ደረጃ ነው፤ ካሜራ ሁሉ ይመጣል። እንደ ዛሬው በማለዳ አንድ ጊዜ ነፋ ቢያደርጉልን፣ ሕዝቡ እንዲወጣ።» ጋሽ በዛብህ ባርኔጣቸውን መልሰው ሊያደርጉ እጃቸው አየር ላይ ቀረ፤ ረሻድን አዩት። ሐጀራም አየችው። ረሻድ ከግራጫው ኮቱ ኪስ ደብተሩን አወጣ፤ በውሰት የመጣው ቆብ አብሮ ሲወጣ ለወንድዬ መለሰለት። አዲስ ቅጠል ገለጠ፤ እስኪርቢቶውን መዳፉ ላይ ሞከረው።

«የሟች ስም?» አለው።